የጋራው ማሳ፦ ከፕሊመዝ እስከ የጥኖራ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1608 ጸደይ፣ ከእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ራቅ ብሎ አንድ የሆላንድ መርከብ ቆሞ ነበር። የሚሳፈሩበት ሰዎች ከንጉሡ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ምእመናን ናቸው። ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት ክልክል ስለሆነ የሚሸሹት በድብቅ ነው። ወንዶቹ ቀድመው ተሳፈሩ። ሴቶቹና ሕፃናቱ ያሉበት ጀልባ ግን ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ወዲያው የታጠቀ ሕዝብ ከሩቅ ብቅ አለ። ይህን ያየው የመርከቡ አዛዥ መልሕቁን አነሣና ባሎቹን ይዞ ነጎደ፤ ሚስቶቹ ዳር ላይ እያለቀሱ ቀሩ።

ሴቶቹ ተይዘው ከዳኛ ወደ ዳኛ ቢንከራተቱም የሚፈርድባቸው ጠፋ። ባላቸውን ተከትለው ከመሄድ በቀር ምን አጠፉ? ወደ ቤታችሁ ተመለሱ እንዳይባሉ ቤታቸው ተሸጧል። ዳኞቹ መላው ቢጠፋባቸው በመጨረሻ ለመገላገል ብለው ለቀቋቸው። ባሎቹም ማዕበል ሁለት ሳምንት ያህል ሲያንገላታቸው ሰንብቶ፣ እስከ ኖርዌይ ጠረፍ ድረስ ገፍቷቸው፣ ከለበሱት በቀር ቅያሪ ሳይኖራቸው ሆላንድ ገቡ። ባልና ሚስት እየቆየ ተገናኘ።

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ለደጀን፣ ለቢቸናና ለሞጣ አንባቢ የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ሲሰፍሩ ማሳቸውን የጋራ አድርገው ጀመሩ፤ በሦስተኛው ዓመት ተከፋፈሉት። ከዚያ ሦስት መቶ ስድሳ ያህል ዓመት ቆይቶ በደጀን አካባቢ ባለችው የጥኖራ ማሳ የጋራ ሆነ፤ እርሱም ተከፋፈለ። አንዱን ታሪክ የሰማ ሰው ሌላውን ይበልጥ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካውን ዘመን እንደ ፈረንጆቹ፣ የጎጃሙን እንደ እኛ እቆጥራለሁ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሮም ተለይታም ገና አልጠራችም፣ ብዙ ልማድ ሊወገድላት ይገባል የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ሌላው ሕዝብ ፒዩሪታን እያለ ያፌዝባቸው ነበር። አብዛኞቹ ውስጧ ሆነን እናጥራት ባዮች ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ከነጭራሹ ተለይተው ለብቻቸው ማኅበር አቆሙ፤ ስክሩቢ ከምትባል ትንሽ መንደር የወጡት የእኛ ስደተኞች ከእነዚህ ወገን ናቸው። ሽማግሌያቸው ዊልያም ብሩስተር ይባላል። ሴቶች ልጆቹን ትዕግሥትና ፍርሃት፣ ወንዶቹን ፍቅርና ትግል ብሎ የሰየመ ሰው ነው። በአብዮቱ ዘመን ልጁን አብዮት ያለ የእኛ አገር አባት ይህን የስም አወጣጥ አያጣውም።

ሆላንድ በሃይማኖታቸው አልነካቸውም፤ ኑሮው ግን ከበዳቸው። ላይደን በተባለችው ከተማ እርሻ የለም፤ በገበሬነት ያደጉ ሰዎች ሸማኔ ሆኑ። ዊልያም ብራድፎርድ የሚባል ወላጅ አልባ ወጣትም እንደነሱ ሸማኔነት ይዞ ይኖር ነበር። ልጆቹ ደግሞ ቋንቋቸውም ጠባያቸውም ሆላንዳዊ እየሆነ መጣ። ወላጆቹ ከዐሥር ዓመት በላይ ከታገሡ በኋላ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቆረጡ። በዚያን ጊዜ በእኛም አገር ሃይማኖት ሰውን ከሰው እየለየ ነበር። የኢየሱሳውያኑ አባ ፔድሮ ፓኤዝ እንደ ፈረንጆች በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ጎጃም ገብቶ ግሽ ዓባይን ያየው እነዚህ ሰዎች ላይደን ላይ ጉዟቸውን ሲመክሩ ነው።

መሄጃ ገንዘብ አልነበራቸውም። የሎንዶን ነጋዴዎች ገንዘቡን አወጡላቸው፤ ውሉ ግን ከባድ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ማሳው፣ ምርቱ፣ ቆዳው፣ ዓሣው ሁሉ የጋራ ይሆናል። ሁሉም ወደ አንድ ጎተራ ገብቶ ሰው ከዚያ ይቀለባል። ሰባቱ ዓመት ሲያልቅ ያለው ሁሉ፣ ቤትና መሬት ሳይቀር፣ ከነጋዴዎቹ ጋር ይካፈላል። የጋራ ማሳውን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንብበው ያመጡት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ዋናው ምንጩ ግን የንግድ ሽርክና ውል ነው። ይህን ያላስተዋለ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ያዛባዋል።

በሁለት መርከብ ተነሡ። ስፒድዌል የተባለችው ውኃ እያስገባች ሁለት ጊዜ ወደብ አስመለሰቻቸውና ተተወች። በመስከረም 1620 ሜይፍላወር ብቻዋን 102 ሰዎች ጭና ተነሣች። ግማሽ ያህሉ ከላይደኖቹ ወገን ናቸው፤ የቀሩት ነጋዴዎቹ ለሥራ የጨመሯቸው፣ ሃይማኖቱ ብዙም የማያሳስባቸው ሰዎች ናቸው። መሐል ባሕር ላይ የመርከቧ ዋና ተሸካሚ እንጨት ተሰነጠቀ። ደግነቱ ከሆላንድ ትልቅ የብረት ቡሎን ይዘው ነበርና በእርሱ ደግፈው አቆሙት። ጆን ሃውላንድ የተባለ ወጣት በማዕበል ተጠርጎ ባሕር ገባ፤ የሚንጠለጠል ገመድ ይዞ በመንጠቆ ወጣ። ሆፕኪንስ የተባሉ ባልና ሚስት መርከቡ ላይ ወንድ ልጅ ቢወለድላቸው ኦሽየነስ፣ የውቅያኖስ ልጅ እንደማለት፣ ብለው ሰየሙት። ጠረፍ ደርሰው መልሕቅ ከጣሉ በኋላ ደግሞ የቢሊንግተን ቤት ጎረምሳ ከባሩድ በርሜል አጠገብ ጠመንጃ ተኮሰ። መርከቧ ከነሰዎቿ በአንድ ልጅ ጨዋታ ልትጠፋ ለጥቂት ተረፈች።

ከመውረዳቸው በፊት ሃይማኖተኛውና ሌላው እርስ በርስ ተጠራጠሩ። 41 ወንዶች በአንድ ወረቀት ፈርመው ለሚያወጡት ሕግ ለመገዛት ተስማሙ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ቤት ሳይሠሩ፣ በቅዝቃዜና በበሽታ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት አለቁ። በባሰው ጊዜ መቆም የሚችሉት ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነበሩ። እነሱ እንጨት ይፈልጣሉ፤ የሌላውን አልጋ ያነጥፋሉ፤ የታማሚውን ልብስ ያጥባሉ። ብሩስተርና ወታደሩ ማይልስ ስታንዲሽ ከእነዚህ ናቸው። የብራድፎርድ ሚስት ከዚያ ቀደም ብላ ከመርከቧ ባሕር ወድቃ ሞታለች።

መጋቢት 1621 ላይ አንድ የአገሩ ተወላጅ ብቻውን፣ ወገቡ ላይ ቁራጭ ቆዳ አገልድሞ፣ መንደሩ መሐል ገባና በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣችሁ አላቸው። ስሙ ሳሞሴት ነው፤ ቋንቋውን ከዓሣ አጥማጆች ተምሯል። ሰላምታውን ሰጥቶ ሳይጨርስ ቢራ ጠየቃቸው።  ያላቸውን አረቄ፣ ብስኩት፣ ቅቤ፣ አይብና የዳክዬ ሥጋ አቀረቡለት፤ በደስታ በላ። ሲመሽ አልሄድም ቢል ሌላ ስለጠፋ በሆፕኪንስ ቤት አሳደሩት፤ ሌሊቱን ሙሉ በዓይነ ቁራኛ ሲጠብቁት አደሩ።

ሳሞሴት ቀጥሎ ቲስኳንተም የተባለውን ሰው አመጣ። የዚህ ሰው ሕይወት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ጠልፎ እስፓኝ ወስዶ ሸጦት ነበር። ከዚያ ሎንዶን ደረሰ፤ ከዓመታት በኋላ አገሩ ሲመለስ ወገኖቹ በወረርሽኝ አልቀው ኦና ጠበቀው። እንግሊዞቹ ፕሊመዝ ብለው የሰፈሩበት ምድር የእርሱ መንደር ነው። እርሱ ግን በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ዓሣ እየተቀበረ ምድሩ እንዴት እንደሚዳብር አስተማራቸው። የዋምፓኖአግ አለቃ ማሳሶይትም የሰላም ውል ገባላቸው። መከሩ ሲደርስ ማሳሶይት 90 ሰዎቹን ይዞ መጣ፤ አምስት አጋዘን አስገድሎ ሦስት ቀን አብረው በሉ።

ኅዳር ላይ 35 ሰዎች የጫነች ሌላ መርከብ መጣች። ስንቅ አልያዙም፤ ቀለቡ በግማሽ ተቀነሰ። ከዚያ የገና ቀን ሆነ። ላይደኖቹ ገና በመጽሐፍ አልታዘዘም ብለው አያከብሩትም። አገረ ገዥ የሆነው ብራድፎርድ እንደ ሌላው ቀን ሰውን ለሥራ ጠራ። አዲሶቹ በዚህ ቀን መሥራት ኅሊናችን አይፈቅድም አሉት። ብራድፎርድ ኅሊናችሁ ከሆነ እስክትረዱት እተዋችኋለሁ ብሎ የቀረውን ይዞ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ቢመለስ ኅሊናችን አይፈቅድም ያሉት ሰዎች መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዳንዶቹም ከባድ እንጨት በመወርወር ይፎካከራሉ። ብራድፎርድ ኳሱንና እንጨቱን ቀማቸው። እናንተ ስትጫወቱ ሌላው ሲሠራ ማየት የእኔም ኅሊና አይፈቅድም፤ በዓል ካላችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ ጸልዩ አላቸው። ጎጃም ሜዳ ላይ በገና ጨዋታ ሎሌው የጌታውን ቁርጭምጭሚት በዱላ ቢመታ የሚቆጣ የለም፤ ብራድፎርድ እኛ ዘንድ ቢሾም ኖሮ በመጀመሪያው ገና ሳይጋጭ አይውልም ነበር።

የኳሱ ነገር ያስቃል፤ ከሥሩ ያለው ጉዳይ ግን ማሳው ነው። ሁሉም ወደ አንድ ጎተራ ስለሚያገባ እያንዳንዱ የጎረቤቱን እጅ ማየት ጀምሯል። ብራድፎርድ ቅሬታዎቹን በዝርዝር ጽፎ አቆይቶልናል። ጎረምሶቹ፣ ለሌላ ሰው ሚስትና ልጆች ያለ ክፍያ ለምን እንደክማለን ይላሉ። ጠንካራው፣ ሩብ ያህል የማይሠራው ደካማ ከእኔ እኩል ይቀለባል ይላል። ሽማግሌው ከልጅ እኩል መቆጠሩን ንቀት ያደርገዋል። ሚስቶቹ ለሌላ ወንድ መቀቀልና ልብስ ማጠብ ባርነት ሆኖባቸዋል፤ ባሎቻቸውም ይህን ማየት አልወደዱም።

በ1623 ጸደይ ተመካከሩና ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በሰው ቁጥር ልክ መሬት ሰጡ። ርስት አልነበረም፤ ለማረስ ብቻ ነው። ቤተሰብ የሌላቸው ወጣቶች በየቤቱ ተደለደሉ። ቀድሞ ሕመሜ አላስቻለኝም ይሉ የነበሩ ሴቶች ሕፃናቱን ይዘው በፈቃዳቸው በቆሎ ሊተክሉ ወጡ። የተዘራው ከቀድሞው እጅግ በዛ። ብራድፎርድ ጥፋቱን የግል ሀብት ይቅር ባለው በግሪኩ ፈላስፋ በፕላቶን ላይ ጣለው። በእኔ ግምት ግን የላይደን ሸማኔዎች ያረሱት ለፕላቶን ሳይሆን ለሎንዶን ነጋዴዎች ነው። ጎተራው የራስህ ካልሆነ ክንድህ ይዝላል።

በ1627 ውሉ አለቀ። የነጋዴዎቹን ድርሻ በ1800 ፓውንድ ለመግዛት ተስማምተው ከብቶቻቸውን በዕጣ ተካፈሉ። መዝገቡ ዛሬም አለ። ሕዝቡ በ12 ዕጣ፣ አንዱ ዕጣ በ13 ሰው ተከፈለ፤ ላሞቹም ትልቋ ጥቁር፣ ቀይዋ፣ ነጭ ጀርባዋ እየተባሉ ተጽፈዋል። ዕውር የተባለች ጊደርም አለችበት። ለ13 ሰው አንዲት ላም፤ ወተቷን እንዴት እንደተካፈሉ መገመት ለእኛ ገበሬ አያቅተውም። ዕዳውን ከፍለው እስኪጨርሱ 20 ዓመት ያህል ወሰደባቸው።

ከ1630 ጀምሮ ዋናዎቹ ፒዩሪታኖች በብዙ መርከብ መጥተው ቦስተንን መሠረቱ። ስለ እምነታቸው የተሰደዱት ሰዎች የሌላውን እምነት አልታገሡም። በ1659 ገናን ያከበረ አምስት ሺልንግ ይቀጣል የሚል ሕግ አወጡ፤ የተሻረው በ1681 ነው። በ1660 ሜሪ ዳየር የተባለችውን ሴት የኩዌከሮችን እምነት ይዛ ከግዛቱ ከተባረረች በኋላ ስለተመለሰች ሰቀሏት። የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም በ1675 መሬታችን አለቀ ብሎ ተነሣባቸው። በተከታዩ ዓመት ተገደለ፤ ጭንቅላቱ ፕሊመዝ ላይ በእንጨት ተሰቅሎ ለዓመታት ታየ፤ ልጁም ለባርነት ተሸጠ። አባቱ ከፕሊመዝ ሰዎች ጋር በአንድ ማዕድ የበላው ከ55 ዓመት በፊት ነበር።

አሁን ዓባይን ተሻግረን ምሥራቅ ጎጃም እንግባ። እዚህ መሬት ርስት ነበር። በአባትም በእናትም ቆጥሮ ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሁሉ ይደርሰዋል፤ ሙግቱም ያንኑ ያህል ነው። አብሮ መሥራት ለጎጃሜ አዲስ ነገር አይደለም። ወንፈል አለ፦ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ደቦ አለ፦ ጠላና እንጀራ ቀርቦ ሰፈርተኛው በአንድ ቀን ያጭዳል። ነገር ግን ወንፈልም ደቦም ሲያልቅ እህሉ ወደ ባለማሳው ጎተራ ይገባል።

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል አዋጅ አወጣ። ገበሬው ግን ከገንዘቡ በላይ ያየው መሬት ይለካል፣ ከዚያም ርስት ይጠፋል የሚለውን ነው። ሞጣና ቢቸና ዋናዎቹ የዐመፅ ማዕከሎች ሆኑ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ነበሩ። ነጭ ለባሽ ዘመተ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ገበሬው ግን አልታጠፈም። በመጨረሻ ገዥው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ውዝፉ ግብር ተማረ። ስለ ማሳው እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሕዝብ ነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሳህን ከሌላው ጋር ቀላቅል የተባለው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በየ800 ሄክታሩ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። በ1971 ዓ.ም. የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ወጣ፤ ደረጃውም ሦስት ነው። በመልባ መሬቱ ይጠቃለላል፤ በሬና ማረሻ የግል ሆኖ ይቆያል። በወልባ በሬውም ማረሻውም የማኅበሩ ይሆናል፤ ለአባሉ የጓሮ መሬት ብቻ ትቀርለታለች። ብዙ ወልባዎች ሲዋሐዱ ወላንድ ይሆናሉ። የጥኖራ ከእነዚህ ማኅበራት መካከል ስሟ በአገር ደረጃ የገነነ፣ እንደ ሞዴል የምትታይ ሆነች።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። አባሉ ጠዋት በቡድን ይሰማራል። ማታ የቡድን መሪው የእያንዳንዱን የሥራ ነጥብ ይመዘግባል። መከሩ ሲገባ ግብር፣ ብድርና መጠባበቂያ ይነሣል፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ሕዝቡ እሰገድ የሚለው፣ ኮታውን በቁርጥ ዋጋ ይረከባል። የቀረው በነጥብ ይከፋፈላል። እዚህ ላይ የፕሊመዝ ቅሬታ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። በእርፍ የዋለውና በአረም የዋለው ስንት ስንት ነጥብ ያግኝ? በሬው የማኅበር ሲሆን ማታ ሣር ይዞለት የሚገባ፣ ቀንበር የቆረጠውን ትከሻ ቅቤ የሚቀባለት ማን ነው? ገበሬ በሬውን ቦራ፣ ዳልቻ ብሎ በስሙ የሚጠራው ከቤተሰቡ ስለሚቆጥረው ነው።

ፕሊመዝ ላይ ያልነበረ ነገርም ነበር። ማዳበሪያና ብድር ቀድሞ የሚደርሰው ለማኅበራቱ ነበር፤ ግብሩም ይቀልላቸው ነበር። ለሙ መሬትም በብዙ ቦታ ወደ እነሱ እየተጠቃለለ አባል ያልሆነው ወደ ጥጉ ተገፍቷል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከአገሪቱ ገበሬ ከዐሥር አንዱን እንኳ አላሰባሰቡም። ድካሙ ግን ዋጋ አልነበረውም አልልም። መሬቱ አነስተኛ፣ በሬ አልባ ለነበረው ደሃ፣ ለመበለቷም ማኅበሩ የመጀመሪያ ዋስትና የሆነበት ቦታ ነበር። ጥፋቱ ገበሬው አይሆንም ማለት አለመቻሉ ነው። ፕሊመዞች በሦስተኛው ዓመት ቁጭ ብለው ተመካክረው ለወጡት፤ የጎጃም ገበሬ ግን እስኪፈቀድለት ድረስ ከዐሥር ዓመት በላይ ጠበቀ።

ፈቃዱ የመጣው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነው። የርስ በርስ ጦርነቱ መንግሥትን አዳክሞ፣ የምሥራቅ አውሮፓ ሶሻሊዝም ፈርሶ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ገበሬው ማኅበሩን ማፍረስ ይችላል ተባለ። ሳምንታትና ወራት ብቻ ነበር የፈጀው። በመላ አገሪቱ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ፤ ስማቸው ከገነነው ብዙዎቹም አልተረፉም። መሬቱ ተከፋፈለ፤ በሬና ላሙ ለየሰዉ ደረሰ። ይህን ውድቀት ካጠኑት መካከል ደሳለኝ ራህማቶ አንዱ ናቸው። ነገሩ በዚያም አላበቃም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ቢሮክራት ተብለው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ምሥራቅ ጎጃም በዚያን ጊዜም ብዙ አዘነ።

ስለ ፕሊመዝ ኳስና ስለ ዕውሯ ጊደር እስከ ዛሬ የምናውቀው ሰዎቹ ስለጻፉት ነው። የብራድፎርድ የእጅ ጽሑፍ ጠፍቶ ቆይቶ በ1855 ሎንዶን ውስጥ በአንድ ጳጳስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ በ1897 ወደ ማሳቹሴትስ ተመለሰ። በየጥኖራ ነጥብ የመዘገቡ፣ በሬ የነዱ፣ መሬቱ ሲከፋፈል የነበሩ ሰዎች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የደጀን፣ የቢቸናና የሞጣ ልጆች፣ አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን አስቀምጣችሁ ጠይቋቸው። ማን ምን ተከራከረ፣ ማን አልቀላቀልም አለ፣ በሬው ሲመለስ ለማን ደረሰ፣ ሴቶቹስ ምን አሉ? በስልካችሁ ቅዱት፤ በደብተር ጻፉት፤ አንድ ቅጂም ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።